72 ቮልት ብስክሌቴ የእንጦጦ ዳገት ላይ ይጠፋብኛል፤ ኮንትሮለሩን ልቀይረው?

የሽሮሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

የምነዳው የኤሌክትሪክ ብስክሌት 72 ቮልት ነው። ሞተሩ የኋላ ጎማው መሃል ላይ ያለ ሲሆን 3000 ዋት ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ባትሪው 20 አምፔር ሰዓት፣ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ 40 አምፔር። ጎማው 26 ኢንች ነው። ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም ዲስክ ነው፣ ግን በሽቦ የሚጎተተው ዓይነት።

ቤቴ ከሽሮ ሜዳ በላይ በእንጦጦ መንገድ ነው፤ ሥራዬ መርካቶ። ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ ማለት ነው። ማታ ስድስት ኪሎን እስካልፍ ደህና ነው። ከዚያ ጉልበቱ እየቀነሰ ይመጣል። ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ ድንገት ድርግም ይላል። አጥፍቼ ሳበራው ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ሞተሩ በእጅ አይነካም፣ ያቃጥላል። አንዳንዴም የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

ጓደኛዬ "80 አምፔር ኮንትሮለር ግጠምበት፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለህ" አለኝ። ወንድሜ ቴል አቪቭ ነው የሚኖረው። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ኮንትሮለሩንም ተለቅ ያለ ባትሪም በሻንጣ ላምጣልህ ብሎኛል። ብር ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሌላም አለ። የኋላው ቸርኬ ሽቦ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። ጠዋት ስወርድ ደግሞ ፍሬኑ ይጮሃል፣ ታች ስደርስ የፍሬኑ እጀታ ይላላል። ይህ ብስክሌት ታክሲ ሰልፍ ከመቆም ገላግሎኛልና ላጣው አልፈልግም።

ሐዋሳ ላይ

ጓደኛህ ልክ ነው። የእኔም 72 ቮልት ነው፣ 60 አምፔር ገጥሜበት እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ሙቀት የሚባል ነገር አላየሁም። ግጠም፣ አትፍራ።

ዲናሞ ጠቅላይ

የሽሮሜዳው፣ እባክህ ኮንትሮለሩን አሁን አትግዛ። ሐዋሳ ያለው ወንድማችን የሚለው ለእሱ እውነት ነው፤ ሐዋሳ ግን ሜዳ ናት። የአንተ መንገድ ሌላ ነው።

እኔ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር እየጠቀለልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን አሁን የብስክሌት ሞተርም ይመጣልኛል። ከፍቼ ሳያቸው መዳቡ ጠቁሮ፣ ቫርኒሹ ረግፎ አገኛለሁ። ባለቤቶቹን ስጠይቅ ሁሌም መልሱ ዳገት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ሞተር ያቃጠለ ሰው እስካሁን አልመጣልኝም።

ለምን መሰለህ? አንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 130 ኪሎ ናችሁ እንበል። 10 በመቶ ዳገት ላይ ባለ 26 ጎማ ለመግፋት ሞተሩ 42 ኒውተን ሜትር አካባቢ መጠምዘዝ አለበት። ቀስ ብትልም ብትፈጥንም ይህ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። ሞተር የሚጠመዝዘው በመዳቡ ውስጥ በሚያልፈው ከረንት ነው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ 80 አምፔር ገጥመህ፣ ከቆምክበት ዳገት ላይ የፍጥነቱን እጀታ እስከ መጨረሻ ብትጠመዝዝ ምን እንደሚሆን አስበው። የሸተተህ ነገር የመዳቡ ቫርኒሽ ሊሆን ይችላል፤ ቀልድ አይደለም።

ስክሪኑም ያታልላል። እሱ የሚያሳይህ ከባትሪው የሚወጣውን አምፔር ነው። በዝግታ ስትሄድ ኮንትሮለሩ ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ሞተሩ የሚልከውን ከረንት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ስክሪኑ 15 ብሎ ሳለ በሦስቱ ወፍራም የሞተር ሽቦዎች ውስጥ የዚያ ብዙ እጥፍ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው "ትንሽ ነው የምጠቀመው" ብሎ ሞተሩን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አነዳድህን ቀይር። ዳገቱን በ12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከምትድህ፣ መንገዱ ነፃ ሲሆን በ24 ውጣው። የሚጠመዘዘው ጉልበት ያው ስለሆነ ሙቀቱ የሚመነጭበት ፍጥነት ብዙም አይጨምርም፣ የምትቆይበት ሰዓት ግን በግማሽ ይቀንሳል። ከባትሪው የሚወጣው አምፔር ይጨምራል፤ 40 አምፔሩ ግን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እየቆምክ መነሳቱን ቀንስ። ስትነሳ ደግሞ በፔዳል አግዘው፣ ፔዳሉ ለዚያ ነው የተሠራው።

ከፍታውን በተመለከተ፦ የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የቤንዚን ሞተር እዚያ አየር ያጥረዋል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱ አይቀንስም። ሆኖም አየሩ ስስ በሆነ ቁጥር የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። የአንተ ሞተር ደግሞ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። የመዳቡ ሙቀት ወደ ውጭ የሚወጣው በዘንጉና በዚያች ቀጭን የአየር ክፍተት በኩል ብቻ ነው። ገንዘብህን እዚህ ላይ አውጣ። መዳቡ ላይ የሚለጠፍ የሙቀት ሴንሰር አለ፣ ዋጋው ቀላል ነው፤ ኮንትሮለርህ የሚቀበል ከሆነ 100 ዲግሪ ላይ ራሱ ጉልበት እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። የማይቀበል ከሆነ ለብቻው ትንሽ ማሳያ መሪው ላይ እሰርለት። ስታቶሬድ የሚባል ማግኔት የሚስበው ዘይትም አለ። ጥቂት ሚሊ ሊትር ወደ ውስጥ ሲጨመር በመዳቡና በማግኔቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሙቀቱን ወደ ሽፋኑ ያሻግራል። ወንድምህ በሻንጣ ቢያመጣልህ የምመርጠው ይህን ነው።

አሁን መጥፋቱ። አጥፍተህ ስታበራው የሚነሳ ከሆነ የምጠረጥረው ባትሪው ውስጥ ያለውን ቢኤምኤስ፣ ማለትም ሴሎቹን የሚጠብቀውን ሰርኪት ነው። 72 ቮልት ባትሪ 20 ረድፍ ሴል ነው። ሲሞላ 84 ቮልት፣ ወደ 60 ሲጠጋ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሃያው አንዱ ረድፍ ብቻ ከደከመ፣ ጭነት ሲበዛበት እሱ ቀድሞ ይወድቃል፣ ቢኤምኤሱም ሁሉንም ይዘጋል። ያኔ ስክሪኑ ላይ ገና ግማሽ ባትሪ ይታይሃል። 80 አምፔር ኮንትሮለር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ መጥፋቱን ያፈጥነዋል።

እንዲህ አድርግ። ማታ ዳገቱን ወጥተህ፣ ቻርጅ ሳታደርግ፣ ከየረድፉ ወደ ቢኤምኤሱ የሚሄዱትን ቀጫጭን የባላንስ ሽቦዎች ሶኬት ፈልግና በቴስተር ረድፎቹን አንድ በአንድ ለካ። ሃያ ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ወፍራሞቹን ሶኬቶች ተመልከት፦ የቀለጠ፣ የጠቆረ፣ ከጉዞ በኋላ የሚሞቅ ካለ እሱም ጥፋተኛ ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓትህን አውልቅ። ቴስተሩ ቮልት ላይ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጥ። 84 ቮልት ዲሲ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እጅህ ካልለመደ ባትሪውን ይዘህ ወደሚችል ሰው ሂድ። ሴል ላይ በቀጥታ በካውያ የሚበይድ ሰው ካየህ ግን ባትሪህን ይዘህ ውጣ፤ ሴል የሚገናኘው በስፖት ብየዳ ነው።

ዲናሞ ጠቅላይ

ፍሬኑን ለብቻው ልጽፍልህ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ከሞተሩ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ጠዋት ከቤትህ መርካቶ ስትደርስ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ትወርዳለህ ብለን እናስላ። 130 ኪሎ ከ500 ሜትር ሲወርድ 177 ዋት ሰዓት ጉልበት ይለቃል። ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የተወሰነው በነፋስና በመንገዱ ይወሰዳል፤ የቀረው በእነዚያ ሁለት ቀጫጭን ዲስኮች ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚያ ነው የሚጮሁት። እጀታው የሚላላው ደግሞ የፍሬን ሸራው እየተበላ፣ ሽቦው እየተሳበ ስለሆነ ነው። ለተራ ብስክሌት የተሠራ ፍሬን ይህን ሸክም በየቀኑ አይችልም።

ፊቱን በዘይት ወደሚሠራ ባለ አራት ፒስተን ፍሬን ቀይረው። ዲስኩ 203 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ውፍረቱ 2.3 ከተገኘ የተሻለ። አንዳንዱ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፣ አንዳንዱ ዶት በሚባለው ዘይት። እጀታው ላይ ተጽፏል። የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት ነው፤ የማዕድን ዘይት ለሚፈልግ ፍሬን ከሰጡህ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች ያሳብጥና ፍሬንህን ያጠፋብሃል። መካኒኩ "ሁሉም አንድ ነው" ቢልህ አትስማው።

ሞተሩም ራሱ ፍሬን መሆን ይችላል፤ ኮንትሮለርህ የሚፈቅድ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ወደ ባትሪው መልሶ ይሞላል። ለአንተ መንገድ እጅግ ጥሩ ነው። ሆኖም ሌሊቱን 84 ቮልት ሞልተህ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ባትሪው ቦታ የለውም። ቢኤምኤሱ ሊዘጋው ይችላል፣ ያኔ ያመንክበት ፍሬን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ማታ ማታ 81 ቮልት አካባቢ ላይ አቁመው። ሴሉም ዕድሜው ይረዝማል። በየጥቂት ሳምንቱ ግን አንዴ 84 ድረስ ሙላውና ቻርጀሩ ላይ ትንሽ ይቆይ፤ ብዙዎቹ ቢኤምኤሶች ረድፎቹን የሚያስተካክሉት ሊሞላ ሲል ብቻ ነው።

በሞተር ከማስቆምህ በፊት የዘንጉን መያዣ አሠራ። የሞተሩ ዘንግ ጫፉ በሁለት ጎን ጠፍጣፋ ነው፣ 10 ሚሊ። ወደፊት ሲገፋና ወደኋላ ሲይዝ ዳዶው ቀስ በቀስ ይላላል። ዘንጉ ከቦታው ተሽከርክሮ የወጣ እንደሆነ ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳል፣ ጎማውም ሊወጣ ይችላል። ምናለሽ ተራ ሄደህ ከመኪና ባሌስትራ ብረት በሁለቱም ጎን አስቆርጥ። ከጠፍጣፋው ጋር ግጥም ማለት አለበት፤ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንደገና ይሠራ።

ከቴል አቪቭ

ሰላም ወንድሜ። ስለ ሻንጣው ልንገርህ፣ ወንድምህ ኤርፖርት ላይ እንዳይቸገር።

ባትሪውን እንዳያስብ። በመንገደኛ አውሮፕላን ሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ። የአንተ 72 በ20 ሲባዛ 1,440 ዋት ሰዓት ነው። በሻንጣም በእጅም አይገባም፤ ፈትቶ በትናንሹ ማምጣትም አደገኛ ነው። ይህ ሕግ ለክፋት የወጣ አይደለም፣ አየር ላይ የሚነድ ባትሪ ማጥፋት ከባድ ስለሆነ ነው። ኮንትሮለር፣ ስክሪን፣ የፍሬን ሸራ፣ ዲስክ፣ ሴንሰር ግን ችግር የለውም። የፍሬን ዘይትም አዲስ አበባ ይገዛ እንጂ በሻንጣ አያምጣ።

ደግሞ እዚህ ሕጉ 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ16 ዓመት በታች መንዳት አይቻልም። ስለዚህ 72 ቮልት ዕቃ በየሱቁ አይገኝም፤ ወንድምህ ቀድሞ በኢንተርኔት ማዘዝ አለበት። በሚቀጥለው ወር ከሆነ የሚመጣው ዛሬውኑ ንገረው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ባትሪውን መውጫ በር አጠገብ ቻርጅ አታድርግ። እኛ ሰፈር ብዙ ቤተሰብ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ሲነድ ደቂቃ አይሰጥም። እሳቱ በሩ ላይ ከሆነ በየት ትወጣለህ? ግቢ ካለህ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ፣ ነቅተህ ባለህበት ሰዓት ሙላው።

የሽሮሜዳው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ለካሁ። ኤሌክትሪሺያን የሆነ የአክስቴን ልጅ ጠርቼ አብረን ነው የሠራነው። አሥራ ዘጠኙ ረድፍ 3.60 እና 3.62 መካከል ነው። ሰባተኛው ብቻ 3.31። ከኮንትሮለሩ ጋር የሚገናኘው ሶኬትም ቀዩ ጎን ቡናማ ሆኗል።

ሰባተኛውን ረድፍ ብቻ አውጥቼ አዲስ ሴል ባስገባበት ይሆናል? ደግሞ የቸርኬውን ሽቦ ረሱብኝ። ወፍራም ሽቦ አስገባለሁ የሚል ባለሙያ አግኝቻለሁ። እኔ ግን ቸርኬውን ወደ 24 ባወርደውስ ብዬ አስቤያለሁ። ቢያዩልኝ።

ዲናሞ ጠቅላይ

ጎበዝ። የአክስትህን ልጅ አመስግንልኝ፣ ሥራው የተጣራ ነው።

ሶኬቱን ዛሬውኑ ቀይረው። ኤክስቲ 90 የሚባለው፣ ሲገናኝ ብልጭታ የማይፈጥረው ዓይነት ይሻልሃል። ገበያው ላይ ተመሳስሎ የተሠራ አለና ስትገዛ ፒኑን እየው፤ ከላላና ሲገባ ካልጠበቀ ተወው።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። መጀመሪያ ለአንድ ረድፍ ብቻ በሚሆን 4.2 ቮልት ትንሽ ቻርጀር እሱን ብቻ ከሌሎቹ እኩል አድርሰው፤ ሲሞላ አጠገቡ ሁን። ከዚያ ብስክሌቱን ሳትነዳ ለጥቂት ቀን አስቀምጠው። ቢኤምኤሱ ሳያስተካክለው ወደ ኋላ የቀረ ከነበረ ባለበት ይቆያል። ተቀምጦ ሳለ ብቻውን ከወረደ ግን ውስጡ ተጎድቷልና መውጣት አለበት። ተስተካክሎ ቆይቶ ዳገት ላይ እንደገና ቀድሞ የሚወድቅ ከሆነም አቅሙ አልቋል።

አዲስ ሴል ከአሮጌ ጋር መቀላቀል ለጊዜው ይሠራል፣ ግን አይመከርም። አዲሱና አሮጌው አቅማቸው እኩል አይደለም፣ ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል። የግድ ከሆነ ዓይነቱና አቅሙ የተቀራረበ፣ የተለካ ሴል ይግባ። ሴሉ ያበጠ፣ ያፈሰሰ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን ምንም ጥገና አትሞክርበት። ከቤት አውጣው።

ወደ 24 ማውረድህ ከሁሉም የወደድኩት ሐሳብ ነው። ለዳገት ከ80 አምፔር ይልቅ ይህ ነው የሚረዳህ። ጎማው ሲያንስ ለዚያው ዳገት የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ መዳቡ ላይ የሚመነጨው ሙቀት ደግሞ በ15 በመቶ ገደማ። የምታጣው ከከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ነው፣ እሱንም ሽሮ ሜዳ ላይ የምትጠቀምበት አይመስለኝም። ፍሬንህ ዲስክ ስለሆነ የቸርኬው ማነስ አይነካውም። ፔዳሉ ወደ መሬት ስለሚቀርብ መታጠፊያ ላይ ተጠንቀቅ። ስክሪኑ ውስጥ የጎማውን ልክ ወደ 24 ካልቀየርከው ፍጥነቱን አብዝቶ ያሳይሃል።

ሽቦውን በተመለከተ ከባለሙያው ጋር አልስማማም። በጣም ወፍራም ሽቦ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን የብስክሌት ቸርኬ እሱን በደንብ ለመወጠር አቅም የለውም። ያልተወጠረ ሽቦ ይላላል፣ የላላ ሽቦ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። የአንተም የሚበጠሰው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። መሃሉ 2 ሚሊ፣ አንገቱ 2.3 የሆነ ሽቦ ፈልግ። ሁለተኛው ነገር አጠላለፉ ነው። የሞተሩ ሽፋን ሰፊ ስለሆነ ሽቦዎቹ አጭር ናቸው፤ እንደ ተራ ብስክሌት ሦስት ጊዜ ከተጠላለፉ ቸርኬው ጋ ሲደርሱ ተጣመው ነው የሚገቡት። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠላለፉ። ከተሠራ በኋላ ጥቂት ነድተኸው መልሰህ አስወጥረው።

ክረምቱም እየመጣ ነው። የሞተሩ ሽቦ ከዘንጉ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ታች ዞሮ፣ ከዚያ ወደ ላይ እንዲሄድ እሰረው። ውሃው ጠመዝማዛው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት ወደ ሞተሩ አይገባም። መኪና እጥበት ወስደህ በግፊት ውሃ አታስመታው፣ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

የሽሮሜዳው

እሺ ጋሼ። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፦ ሴንሰር፣ ያ ዘይት፣ ባለ አራት ፒስተን ፍሬንና ዲስኩ። ኮንትሮለሩ ይቅር። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። የባሌስትራው ብረት ስንት ሚሊ ይሁን?

ዲናሞ ጠቅላይ

ከ6 አይነስ፣ 8 ከተገኘ ደስ ይለኛል። ሲቆርጡት በእሳት አብዝተው እንዳያግሉት ንገራቸው፣ ጥንካሬው ይሄዳል። ዘንጉን ፈትተህ ይዘህ መሄድ አትችልምና ብስክሌቱን ራሱን ውሰድ፣ እዚያው ይለካ። በሮንዴላው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በጠፍጣፋው ላይ ይግባ፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ ፍሬሙ ላይ በቡሎን ይታሰር። ሲጨርሱ ፎቶ ላክልኝ፣ ሳላየው በሞተር ፍሬን እንዳትወርድበት።